የፍልሰታ እንቁላል

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ እንቁላል ጥዳ ረስታው፣ ውኃው አልቆ ቅርፊቱ ሲፈነዳና ሲያር፣ ሽታው ከማድ ቤት ተነሥቶ እኔ ከተቀመጥኩበት ደረሰ። ተነሥቼ ድስቱን አወረድኩና መስኮቱን ከፈትኩ። ልጅቱ «እማማ፣ ምነው እንዲህ ደነገጡ?» ስትለኝ «እርጅና ነው» አልኳት።

ቤታችን ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ፣ ዛሬ ሩዝ በሸፈነው ሜዳ ዳር ነበር። ያኔ ሩዝ አናውቅም፤ የክረምቱ ውኃ ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር። በበጋ ጧት ጧት ለዶሮዎቹ የጤፍ ግርድ የምበትነው፣ ለውሻችን ለመከታ ደግሞ በውኃ የራሰ ቂጣ በሰባራ ገል የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። ገብስማዋ ዶሮ ደፋር ስለነበረች የራሷን ጨርሳ የእሱን ቂጣ ከገሉ ትነጥቀው ነበር፤ እሱም አንገቱን ዘወር አድርጎ ይተውላት ነበር። አባቴ ይህን ባየ ቁጥር «ይኼ ውሻ ነው ወይስ ባሕታዊ?» እያለ ይሥቅ ነበር።

ክረምት ገብቶ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ አባቴ ታላቅ ወንድሜን አስከትሎ፣ ከብቶቹን ወደ ደጋው አውጥቶ፣ እስከ መስከረም እዚያው ይከርም ነበር። እናቴና እኔ ከመከታ ጋር እንቀር ነበር። ጅብም ሌባም የሚፈራው እሱን ነበር።

ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት ዝናቡ ከሌላው ጊዜ በረታ። የቤቱ ወለል ውኃ እየሳበ፣ ዶሮዎቹ የሚጥሉበት ከበር ጀርባ ያለው ቅርጫት ሻገተ። እንቁላሉም እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ፍልሰታ ገብቶ እንቁላል የሚነካ ሰው በሌለበት ሰሞን፣ መሙላት የሚገባው ቅርጫት ባዶ መሆኑ እናቴን ግራ አጋባት። ጥቂት ቆይቶ ገብስማዋ ራሷ ጠፋች። መከታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የጭድ ክምሩ ሥር ተኝቶ ይውል ነበር፤ ክምሩ ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ ስለተሠራ በግቢው የቀረው ደረቅ ቦታ ሥሩ ብቻ ነበር። አንድ ጧት አፍንጫው ላይ አስኳል ደርቆ ታየ።

ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «አንች፣ ከዚህ ግቢ ፍልሰታን የገደፈው መከታ ብቻ ነው፤ ንስሐ አባት ይፈለግለት እንጂ!» አሉ።

እናቴም ሣቀች፤ ሣቋ ግን ቶሎ አለቀ። እንቁላል የለመደ ውሻ ወደ ጫጩት፣ ከዚያም ወደ ዶሮ ይሄዳል ይባል ስለነበር አባቴ እንዲህ ያለውን አያኖርም፤ ከመከታ በፊት የነበረውን በሽመል መትቶ ገድሎታል።

«አባትሽ ሲመጣ ይገለዋል። እኔ አፉን ባቃጥለው ይሻለዋል፤ ሁለተኛ እንቁላል አይነካም» አለችኝ።

በአገራችን እንቁላል የለመደ ውሻ የሚቀጣው እንደዚያ ነበር። ከእትዬ ትርንጎ አንድ እንቁላል ተቀብላ ረመጥ ውስጥ ቀበረችው። ቅርፊቱ ሲጠቁር አውጥታ በጨርቅ ያዘችና ደጅ ቆማ «መከታ፣ ና ልጄ» ብላ ጠራችው። በክረምት እህል ስለሚያጥር ጠግቦ አያድርም ነበር፤ የሚበላ የተያዘለት መስሎት ጅራቱን እየቆላ መጣ። እትዬ ትርንጎ አንገቱን ሲይዙት፣ እናቴ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ከትታ መንጋጋውን በሁለት እጇ ገጠመችው። «በቃ፣ በቃ፣ አለቀ» ትለው ነበር። እንቁላሉ አፉ ውስጥ ፈነዳ። ከማድ ቤት የደረሰኝ ሽታ ያ ነው። ሲለቁትም አልነከሳትም።

ከዚያ በኋላ ቂጣውን አላምጬ ባቀርብለትም አልበላ አለ። የተልባ ውኃ ስሰጠው ምላሱን ነክሮ ይመለስ ነበር። ሲመሽ ጅብ ሲጮህ ሊጮህ ይነሣና ድምፅ ሳይወጣው ተመልሶ ይተኛ ነበር፤ እናቴም ምሣር አጠገቧ አድርጋ ከበሩ ጀርባ ትቀመጥ ነበር። ጾሙ የተፈታ ዕለት ቂጣ በቅቤ አለስልሳ፣ ራሷ ይዛለት ወጣች። አሸተተው፣ እጇን ላሰ፣ አልበላም። ነሐሴ ሳያልቅ የጭድ ክምሩ ሥር ሞቶ አገኘነው። ምድሩ ሁሉ ውኃ ስለነበር የሚቀበርበት ጠፍቶ፣ እናቴ በገመድ ጎትታ ለጎርፉ ሰጠችው።

ጳጉሜን ላይ ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ረፋድ፣ ገብስማዋ ከስታ፣ ላባዋ ተነጫጭቶ፣ ከጭድ ክምሩ መሐል ወጣች። ጫጩቶቿ እየተንከባለሉ ተከተሏት። ዶሮዎቹ ቅርጫቱ ሲርስባቸው ክምሩ ውስጥ ይጥሉ ኖሯል፤ እሷም እዚያው ታቅፋ ከርማለች። መከታ የላሰው ምናልባት ከላይ ተንከባሎ የተሰበረውን ነበር። እትዬ ትርንጎ መጥተው ጫጩቶቹን አይተው ተመለሱ። እናቴ ግርድ አምጥታ በተነችላቸው።

አባቴ በመስከረም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው «መከታ ምነው አልተቀበለኝ?» ብሎ ነው። እናቴ ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረችው። አባቴ ጫጩቶቹን አየ፣ ባዶውን ገልም አየ።

«ቂጣውን እንኳ ለዶሮ የሚተው ውሻ ነበር እኮ» አለ።

ከዚያ ወዲህ በፍስክም ቢሆን እንቁላል በእናቴ አፍ አልዞረም፤ እኔም ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም።

ዛሬ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። እንቁላል ከሱቅ ይመጣል፤ የትኛዋ ዶሮ የት እንደጣለችው የሚያውቅ የለም፣ አንድ ቢጎድልም ማንም አይጠረጠርም። የልጅ ልጄ ውሻ ታሳድጋለች፤ ሲያመው ሐኪም ታሳየዋለች፣ ምግቡንም ቀቅላ ትሰጠዋለች። እሷ በሌለች ጊዜ የማበላው እኔ ነኝ። ስጠራው ጅራቱን እየቆላ ይመጣል፤ እኔም ከማቅረቤ በፊት ጣቴን ሳህኑ ውስጥ ከትቼ መቀዝቀዙን አያለሁ።