ያልጻፍሁትን ያነበብሁላቸው ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የምናገረው ሌላ ሌላውን ነው፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም የሻርሁበትን ቀን። ይህኛው አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። አባ "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ይኸው ነው አባ" እላለሁ። ይኸው ብቻ ግን አልነበረም። እናንተ አታውቁኝም፤ ደግሞም የምታነቡ ሰዎች ናችሁ። በደሌ የማንበብ በደል ስለሆነ ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

ፊደል ላልቆጠሩ አንዲት ጎረቤቴ፣ ያልጻፍሁትን እንደ ጻፍሁ አድርጌ አነበብሁላቸው። ያደረግሁት ይህ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

እትዬ አንጓች ይባሉ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ጓሮው በጌሾ የተሞላ የጭቃ ቤት ነበራቸው፤ የሚተዳደሩትም ጌሾውን አድርቀው በመሸጥ ነው። እኔ ከመርጡለ ማርያም ገጠር ተድሬ የመጣሁ ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው። ጉልበቴ ዴስኩን እየገፋ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ፊደል ስቆጥር፣ ሕፃን ልጄን አዝለው የሚውሉልኝ እትዬ አንጓች ነበሩ። "ሂጂ፤ ልጅቷ እኔ ዘንድ ናት። አንቺ ካወቅሽ እኔም አወቅሁ ማለት ነው" ይሉኝ ነበር። ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። የእሳቸው ጀርባ ያልደከመበት አንድ ፊደል እንኳ የለኝም። ታዲያ ያንን ፊደል ምን አደረግሁበት?

እሳቸው ማንበብ ባይችሉም የሰፈሩ መዝገብ ነበሩ። የማን አጥር ከየት እስከ የት እንደነበር፣ የማን ልጅ በየትኛው ክረምት እንደተወለደ፣ የትኛው ቤት ከመሠራቱ በፊት በቦታው ምን ዛፍ እንደቆመ ያውቃሉ። ሁለት ጎረቤት በወሰን ከተጣላ "እትዬ አንጓች ይጠየቁ" ይባላል። እሳቸው ከተናገሩ ክርክሩ ያበቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያጠፋሁት ይህንን ነው።

ከላይ ያለው መንገድ አስፋልት ሲለብስ ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ወደ እኛ መውረድ ጀመረ። አንድ ሐምሌ ውኃው ቤቴ ገባና አልጋ ሥር በካርቶን ያስቀመጥኋቸውን መጻሕፍት አራሰብኝ። ገጹን ከገጽ እያላቀቅሁ በልብስ ገመድ ላይ ሳሰጣ አልቅሻለሁ። ይህን የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲቆፈርልን ምን ያህል እፈልግ እንደነበር እንድታውቁ ብዬ ነው።

በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰፈሩ በእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አያ ፈንታሁን ነበር፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ። "ጥሩወርቅ ከጻፈችው ነጥብ አይጎድልም" ይባልልኛል። ይህ ሲባልልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ?

እንደ ሁልጊዜው ወሬው ከመንገድ መብራት ተነሥቶ ወደ ቆሻሻው፣ ከቆሻሻው ወደ ሰው ውሻ ዞረና በመጨረሻ ጎርፉ ላይ ደረሰ። አናጢው ጎረቤታችን፣

"አምና ጫማዬን ጎርፍ ወስዶት ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ" አለ።

"ታዲያ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ጨው እንኳ አይዝልህም?" አሉት እትዬ አንጓች።

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ አያ ፈንታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። "የቢሮው ሰዎች ቦዩን ሊቆፍሩልን ፈቃደኞች ናቸው። የሚፈልጉት የሁላችንን ስምምነት ብቻ ነው። እኔ በታች በኩል ቢወርድ ይሻላል ባይ ነኝ።"

"በታች በኩል ማለት በአንጓች ጓሮ ማለት ነው" አሉ እትዬ አንጓች። "ስሜን ጥራው እንጂ ፈንታሁን፤ እዚሁ ተቀምጬ።"

አሁንም ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። "ጌሾዬን ውሰዱት። ሕፃናት በጎርፍ ውስጥ ሲሄዱ እያየሁ ስለ ጌሾ አልሟገትም። ግድግዳዬ ግን ጭቃ ነው፤ ውኃ ከነካው አይቆምም። በእኔ ቤት በኩል ያለው ቦይ በድንጋይ ይገንባ። ያለዚያ ጣቴን አላኖርም።"

"ትክክል ነው" አለ ሰዉ። እኔም ረቂቄ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ በወይዘሮ አንጓች ቤት በኩል የሚያልፈው ቦይ በድንጋይ የማይገነባ ከሆነ ቁፋሮው አይጀመርም።

ስብሰባው ሲበተን አያ ፈንታሁን ወደ ጎን ጠራኝ።

"ጥሩ፣ ስትገለብጪው ያቺን የድንጋይ ነገር ተያት።"

"ለምን?"

"'አይጀመርም' የሚል ቃል ካዩ ወረቀቱን ይመልሱታል። ተመልሶ እስኪሄድ ክረምቱ ይገባል። ድንጋዩን እኔ በአፌ እነግራቸዋለሁ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ሰው ሁሉ የሰማውን ቃል እንዴት አወጣለሁ ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ቤቴ ገብቼ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥሁት፤ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ዘለልኋት። አያ ፈንታሁን መክሮኛል፤ የዘለለው ግን የእኔ እጅ ነው። መጻሕፍቴ አልጋው ላይ ተደርድረው ነበር፤ ውኃ ካራሳቸው በኋላ አንዳቸውም ቀጥ ብለው አይገጠሙም ነበር። እነሱን እያየሁ ነው የዘለልሁት።

በሰፈራችን ልማድ፣ መፈረም የማይችል ሰው ቃለ ጉባኤው ይነበብለትና አሻራውን ያኖራል። ሰኞ ጧት ወረቀቱንና የማኅተም ቀለሙን ይዤ ወረድሁ። እትዬ አንጓች ጓሯቸው ቆመው የጌሾ ቅጠል እየለቀሙ ነበር።

"የግድግዳዬ ነገር ገብቷል ልጄ?"

"ገብቷል እትዬ።"

ይህን ብቻ ብዬ ብቀር ኖሮ ውሸት ነው፤ ሰው ይዋሻል። እሳቸው ግን "እስቲ አንብቢልኝ" አሉ። ቀኑን አነበብሁ፤ የተገኙትን ሰዎች ስም አነበብሁ፤ ስለ ቦዩ የተጻፈውን አነበብሁ። ከዚያም ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ፣ ድምፄን ሳልለውጥ፣ "በወይዘሮ አንጓች ቤት በኩል የሚያልፈው ቦይ በድንጋይ የማይገነባ ከሆነ ቁፋሮው አይጀመርም" ብዬ አነበብሁ። ጣቴ ያረፈበት ቦታ ባዶ ነበር።

"እስቲ ድገሚልኝ፤ እንድይዘው።"

ደገምሁት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በአንድ ቃል እንኳ እንዳይለይ ተጠነቀቅሁ። በውሸቴም ጠንቃቃ ነበርሁ። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉኝ፤ ያዙት።

እኔ ሳልማር በፊት ደብዳቤ ሲነበብልኝ የአንባቢውን ዓይን ነበር የምከታተለው። መስመር እንዳይዘልብኝ፣ የሚያሳዝነኝን እንዳያስቀርብኝ እፈራ ነበር። እትዬ አንጓች ዓይኔን አላዩም። ለምን ብለው ያያሉ? ያዩት ጣታቸውን ነበር፤ ቀለሙን ነክተው ባሳየኋቸው ቦታ ላይ ጫን አደረጉና በጌሾ ቅጠል ጠረጉት። "ተባረኪ" አሉኝ።

ግንቦት ላይ መኪና መጥቶ ቆፈረ። ጌሾው ተነቀለ። ድንጋይ አልመጣም። አያ ፈንታሁን በአፉ ይንገራቸው አይንገራቸው አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። ሰኔ ሙሉ ውኃው አፈሩን ከቤቱ ሥር ሲያጥብ ከረመ፤ ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጓዳው ግድግዳ ወደ ቦዩ ወደቀ። እትዬ አንጓች ውጭ ስለነበሩ ተረፉ። የእኛ ቤት ግን ያን ክረምት ደረቅ ነበር።

በማግሥቱ ዣንጥላቸውን ይዘው፣ ሥራውን ወደሚመራው ቢሮ ሄዱ። ተስፋ ቆርጠው አይደለም የሄዱት፤ ቃሉን ይዘው ነው። ወጣቱ ባለሙያ ፊት ቆመው ዓረፍተ ነገሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳነበብሁላቸው ደገሙለት። ልጁ ፋይሉን አውጥቶ አየ። "እናቴ፣ እንዲህ የሚል ነገር የለበትም" አላቸው። "ከዚህ ቀድደው አውጥተውት ነው" አሉ እትዬ አንጓች፤ "የጻፈችው ልጅ ትምጣና ትጠየቅ።" እኔን አልጠረጠሩም። ከዓለም ሰው ሁሉ እኔን ብቻ አልጠረጠሩም።

ተጠራሁ፤ ሄድሁ። ባለሙያው ወረቀቱን አስይዞኝ "ይህ ያንቺ ጽሕፈት ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"የተቀደደ፣ የጎደለ ነገር አለው?"

"የለውም።"

"እሳቸው እንዲህ ተብሎ ተነቦልኛል ይላሉ።"

እትዬ አንጓች አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ያዩኝ ነበር። ፊታቸው ላይ ጭንቀት አልነበረም፤ እኔ መጥቻለሁና።

"በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ነበር" አልሁ። "ከዚያ ጋር ቀላቅለውት ይሆናል። ዕድሜም አለ።"

ዕድሜም አለ። ይህችን ሦስተኛ ሆና የመጣች ቃል ማን አስገደደኝ? ማንም። ከመዝለሉም፣ ባዶውን ከማንበቡም ይልቅ የገደለቻቸው ይህች ናት። ይሞግቱኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"እንግዲህ ይሆናል" አሉ። "ጥሩዬ አትዋሽም። እኔ ነኝ የቀላቀልሁት።"

በዝናብ አብረን ተመለስን። ዣንጥላቸውን ለሁለታችን ያዙልን። እኔ ዘንድ ያዘነበለው ይበልጥ ነበር፤ የእሳቸው ትከሻ ሲረጥብ አይቻለሁ።

ነገሩ በሰፈሩ ተወራ። በክፋት አልነበረም። "እትዬ አንጓች ደከሙ እኮ" ይላል አንዱ፤ "የሌለ ነገር ተነቦልኛል ብለው ቢሮ ድረስ ሄዱ" ይላል ሌላው። መስከረም ላይ ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ሲከራከሩ አናጢው እንደ ልማዱ "እትዬ አንጓች ይጠየቁ" አለ። ሌላው "ተዋቸው እስቲ፤ እሳቸው አሁን ይቀላቅላሉ" አለው። እሳቸው እዚያው ቆመው ነበር። ያንን አጥር ሲታጠር ያዩ እሳቸው ነበሩ። አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሱቅ ሄደው የመጡበትን ደጋግመው ለራሳቸው ሲናገሩ፣ በራቸውን ቆልፈው ከመንገድ ተመልሰው ቁልፉን ሲነኩ አየሁ። የሚያውቁትን ማመን ተዉ። እኔ ይህን ሁሉ በመስኮቴ አያለሁ፤ እጄ ላይ መጽሐፍ ይዤ።

ኅዳር ላይ የእኅታቸው ልጅ መጥታ ወደ አምበር ወሰደቻቸው። በበጋው ለቦዩ ድንጋይ መጣ። በሚገባ ተገነባ፤ እሳቸው በሌሉበት፣ በፈረሰው ቤታቸው ጎን።

ጥር ላይ ልጠይቃቸው አምበር ሄድሁ። የሄድሁት ልናገር ነው፤ በአውቶቡሱ ውስጥ እንዴት እንደምጀምር ስለማመድ ነበር። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ክስት ብለዋል። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። "መብራቱ ተተከለ? አናጢው ጫማውን አገኘ?" ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ጉልበቴን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ጥሩዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልቀየምሽም፤ ልቤ ጠፍቶ እንደሆነ ንገሪኝና ልወቀው። ያንን የግድግዳውን ነገር አንብበሽልኝ ነበር ወይስ አላነበብሽልኝም? ቃሉ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ካላነበብሽው ከየት አመጣሁት?"

በሩን ከፍተውልኝ ነበር። "አንብቤልዎታለሁ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይህቺን ቃል ብል ልባቸው ይመለስላቸው ነበር፤ የጠፋው የእኔ እንጂ የእሳቸው ልብ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። አየኋቸው። "አትዋሽም" ያለኝ ያ አፍ ከእንግዲህ ምን እንደሚለኝ ፈራሁ።

"ይተዉት እትዬ፤ ያለፈ ነገር ነው" አልሁ።

እጃቸውን ከጉልበቴ አነሡ። "እውነትሽን ነው" አሉ።

ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ቀብር ሄጄ ከሰው ጋር አለቀስሁ፤ ሰዎች "እንደ ልጃቸው ነበረች" እያሉ አጽናኑኝ። ተጽናናሁም፤ ይህንንም አደረግሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የባለቤቱን ዕድል ደግሞ እኔው አሳልፌዋለሁ። ወጣት ነበርሁ አልልም፤ አልነበርሁም። አላወቅሁም አልልም፤ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቅ ነበር? ቦዩ ሰፈሩን አድኗል የሚል ይኖራል። ለማዳን ያቺን መስመር መዝለል አልነበረብኝም፤ ድንጋዩ ኋላ መጣ አይደል?

መጻሕፍቴ ደረቅ ናቸው። አንዱን ገልጬ ባነበብሁ ቁጥር ግን በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ዓይኔ ይቆማል። ለዚህ የማውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ፣ ማንንም በማይጠቅምበት ቀን፣ እሠራዋለሁ። እትዬ፣ አልቀላቀሉም። አንብቤልዎት ነበር፤ ሁለት ጊዜ። አሁን ደግሞ ጻፍሁት፦

በወይዘሮ አንጓች ቤት በኩል የሚያልፈው ቦይ በድንጋይ የማይገነባ ከሆነ ቁፋሮው አይጀመርም።