እናቴ ተሳቢው ላይ

ዛሬ ሚኒባሳችን የቦንጋን ዳገት ሲወጣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ መቀመጥ አቃታት። አባቴ ቡና በሚጭንበት ተሳቢ ላይ ፍራሽ አንጥፎ አስተኛትና በላንድክሩዘራችን እየጎተተ ወደ ሆስፒታል ይዟት ወጣ። እኔም ተሳቢውን ከሸፈነው ሸራ ሥር አጠገቧ ነበርኩ። ሺሺንዳ ዳገት ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ መኪናውን ጭቃ ያዘው። አባቴ ከጎማው ሥር የኮባ ቅጠል ቢያነጥፍ ጭራሽ ባሰበት፤ ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ያ ሽታ ሸራው ውስጥ ገባ።

አንድ ሽማግሌ ሮጠው ደርሰው ጎማውን በድንጋይ አስደገፉ። ሸራውን ገልጠው እናቴን አዩዋት።

«ልጄ፣ አዋሪያት» አሉኝ። «ምንም ይሁን፣ ብቻ ዝም እንዳትይ።»

ስለ ዶሮዎቻችን አወራሁላት። መልስ መስጠት ስታቆምም አላቆምኩም።

«የምን ዶሮ ነው የምትዪው?» አለችኝ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት።