ጠራቢው ደሳለና የገበቴ ድንጋዮች

ጋሽ ደሳለ በላስታ፣ ከብልባላ ወዲህ ባሉት አጥቢያዎች የታወቁ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን አጥር ይሁን የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ እጃቸው ያላረፈበት ጥቂት ነው። ኋላ ግን ብሎኬት መጣ፤ ከዚያም ክፉ ዘመን ተከተለና ግንባታ ሁሉ ቆመ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ሚስታቸው እትዬ አልጣሽ፣ «ሥራ ሲያጣ የቤቱን ምሰሶ እንዳይጠርብብኝ እየጠበቅሁት ነው» እያሉ ጎረቤት ያስቃሉ። እሳቸው አይስቁም ነበር። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሰው በሙያው የሚጠራው ሲያጣ ስሙም ቀስ በቀስ የሚጠፋ ይመስላቸዋል።

በሚያዝያ ትሕትና የምትባል ወጣት መጣች። የወገል ጤና ልጅ ናት፤ ስለ መሬትና ስለ ድንጋይ አጥንታ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ ገበቴ የሚባለው ቦታ ክብ ሆኖ ታይቷት ነው የመጣችው። እኛ እዚያው እየኖርን ክብነቱን አናውቅም ነበር። ጠርዙን ጅረት በልቶታል፤ መሐሉን አፈር ሞልቶት ገብስ ይዘራበታል። ገበቴ የተባለውም ክረምት ውሃ ስለሚያቁር ነው። ሌሎች አጥኚዎች የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው ብለው ትተውታል። እሷ ግን ከሰማይ የወደቀ ትልቅ ድንጋይ የቆፈረው ነው ብላ ትጠረጥራለች። ይህን ለማሳመን ሁለት ነገር ያስፈልጋት ነበር፦ አለቱ የዚያን ምት ምልክት መያዙንና ምቱ መቼ እንደ ደረሰ ማሳየት።

ጋሽ ደሳለ ጨዋታዋን ሰምተው፣ ጠራቢ ከገበቴ ድንጋይ እንደማይወስድ ነገሯት። ሲመቱት ቀጥ ብሎ አይከፈልም፤ እንደ ፈረስ ጭራ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ እየተበተነ ይሰነጠቃል። አባታቸውም የተረገመ ድንጋይ ነው ይሉት ነበር። ወስደው ሲያሳዩዋት ትሕትና ተንበርክካ ጭረቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ብዙ ጊዜም አልተነሣችም። ፍለጋ የመጣችው እሱኑ ነበር። የጭራዎቹ ጫፍ ምቱ ወደ መጣበት ይጠቁማል፤ ከየዳሩ የተለቀሙት ሁሉ ወደ ገበቴው መሐል ካመለከቱ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። በዚያው ቀን ጋሽ ደሳለ አብረዋት እንዲሠሩ ለመነቻቸው።

ጭረቱ ጎልቶ የሚታይባቸው አሥራ ስምንት ድንጋዮች ተገኙ። ትሕትና ገና ከአለቱ ሳይነቀሉ በእያንዳንዱ ላይ ሰሜንን የሚያሳይ ቀስትና ቁጥር በቀይ ቀለም ጻፈች፤ የየቁጥሩን ቦታም በደብተሯ መዘገበች። ከዚያ ጋሽ ደሳለ ነቅለው በአህያ ጭነው ቤት እንዲያደርሱላት ነግራቸው፣ ለፈቃድ ደብዳቤ ላሊበላ ወረደች።

ድንጋዮቹ ደጃፍ ላይ ሲራገፉ ለጠራቢ ዐይን የሚያሳፍሩ ነበሩ። አንዱ ጎባጣ፣ ሌላው ሸካራ። አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ሊሄዱ ነው። የላስታ ሰው ድንጋይ መጥረብ አያውቅም ሊባል ነው። በዚያ ላይ በእሳቸው ሙያ ድንጋይ ላይ ቀለም ተሰመረ ማለት በዚህ በኩል ቁረጥ ማለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጠረቡ። እሷ የወደደችውን ጭረት ያለበትን ፊት ብቻ አልነኩም።

ትሕትና ስትመለስ አሥራ ስምንቱን ድንጋዮች እንደ ድፎ ዳቦ ግድግዳ ሥር ተደርድረው አገኘቻቸው።

«ጋሽ ደሳለ፣ ቀስቱ የታለ?»

«ጠረብኩት። መስመር አልነበረም እንዴ?»

መደቡ ላይ ተቀመጠች። ያለ ቀስቱና ያለ ቁጥሩ ድንጋዩ ከየት እንደ ወጣና ወዴት ዞሮ እንደ ነበር እንደማይናገር፣ ክረምቱ እየገባ እንደሆነ፣ የተሰጣት ጊዜም ማለቁን አስረዳቻቸው። እሳቸው እያንዳንዱን ከየት እንደ ነቀሉት አልረሱም፤ ይህንኑ ነገሯት።

«እኔ አምንዎታለሁ» አለች። «የሚመረምሩት ሰዎች ግን እርስዎን አያውቁም። ጠራቢው አስታወሰ ብዬ ልጽፍላቸው አልችልም።»

የዚያን ዕለት ራት አልበሉም። እትዬ አልጣሽ፣ «ልጅቱ ድንጋይ አምጣልኝ አለችህ እንጂ ሙሽራ አስጊጥልኝ አላለችህም» አሏቸው። እሳቸው ግን እንደገና የሚጠራቸው ሰው ያጡበት ቀን መሆኑን ብቻ ያስቡ ነበር።

ጠዋት ድንጋዮቹን ሊጭኑላት አንዱን ሲገለብጡ ግን እጃቸው ቆመ። የግንብ ሰው የድንጋይን ጀርባ አይጠርብም። ጭቃና ኖራ የሚይዘው ሸካራውን ነውና ጀርባው እንደ ተነቀለ ይተዋል። እሳቸውም ሳያስቡት፣ እጃቸው እንደ ለመደው፣ አሥራ ስምንቱንም ጀርባ ትተውት ነበር። ድንጋዮቹን ጭነው፣ ትሕትናን አስከትለው፣ አህያዋን ወደ ገበቴ መለሷት።

የመጀመሪያው ድንጋይ ከተነቀለበት ጉድጓድ ገብቶ ጥፍር በሥጋ ላይ እንደሚቀመጥ ቁጭ አለ። ትሕትና አልቸኮለችም። ያንኑ ድንጋይ በሌሎቹ ጉድጓዶች ሁሉ ሞከረችው፤ እምቢ አለ። ከዚያ ትዝታቸው እንዳይመራት ጋሽ ደሳለን ወደ ዳር አስቀምጣ ቀሪዎቹን ራሷ እያነሣች መግጠም ያዘች። የገጠመውን ፎቶ አንሥታ ቀስቱን እንደገና ጻፈችበት። እስከ ማታ አሥራ አንዱ ገጠሙ። የሰባቱ ጉድጓድ ሲነቀሉ ተፈርፍሮ ነበርና አልያዝ አሉ።

ደክሟት ነበር። በደብተሯ ውስጥ ድንጋዩ ያልተገኘለትን የስምንተኛ ቁጥር ገጽ ገልጣ ብዕሯን ያዘችና፣ «እነዚህን እርስዎ ያስታውሷቸዋል አይደል?» አለቻቸው።

ያስታውሷቸዋል። አንድ ቃል ቢናገሩ ጥፋታቸው ሁሉ ሊሰረዝ ነው። ድንጋዮቹን ጥቂት አዩና፣ «አውቃቸዋለሁ» አሉ፤ «ግን አልገጠሙም። ተያቸው ልጄ።»

እሷም ብዕሯን ከደነች።

አሥራ አንዱ ድንጋዮች ለምርመራ ሲላኩ ትሕትና ከጅረቱ ሥር ያወጣችው፣ በዚያ ምት የቀለጠ ጥቁር ድንጋይም አብሮ ሄደ። የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ዕድሜው እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል፤ ዘመኑ የሚታወቀው ከእሱ ነው። በጥር ትሕትና ደወለች። አሥራ አንዱም ጫፋቸው ወደ ገበቴው መሐል ያመለክታል። የቀለጠውም ድንጋይ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከዙሪያው ተራራ ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው። ጋሽ ደሳለ ቁጥሩን ሁለቴ አስደገሟት። ከዚያም ፍላቂት ከተማ አካባቢ ሌላ ክብ ቦታ ማግኘቷን ነገረቻቸውና በመጋቢት መምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «በመጋቢት ምን ሥራ አለኝ?»

«ምን ሥራ አለህ? መቀመጥ ነዋ» አሉ እትዬ አልጣሽ።

ጋሽ ደሳለ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱ። «እስቲ ልጄ» አሏት፣ «ያለብኝን ሥራ አይቼ ነገ እነግርሻለሁ።»