አባ ቃለ ክርስቶስ የወደዱት በግ

የንስሐ አባቴ አባ ቃለ ክርስቶስ ጥርሳቸውን የሚያሳዩ ሰው አይደሉም። ድሮም ቁጥብ ነበሩ፤ ባለቤታቸው እትዬ ደብረወርቅ ከሞቱ ወዲህማ ጭራሽ ፊታቸው ተዘጋ። የከተማችን የመካነ ሰላም ሰው ይፈራቸዋል። ማንንም የማልፈራዋ እኔ ልብስ ሰፊዋ ይርገዱ እንኳ፣ በሱቄ በር ሲያልፉ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

ታዲያ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሞባይል ጠጋኙ ወንድዬ አንድ አዲስ አፕ ጫነልኝ። «ይሄ እንደሌላው አይደለም» አለኝ። «አንድ ኩባንያ ቁጭ ብሎ የምታይውን አይመርጥልሽም። የምታምኚውን ሰው ትነግሪዋለሽ፤ ያ ሰው የወደደውን ያመጣልሻል።» ማንን እንደማምን ጠየቀኝ። ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው? የንስሐ አባቴን ነዋ። ለእሳቸውም የጫነላቸው ራሱ ወንድዬ ነው።

መዝሙርና ስብከት ስጠብቅ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? አንድ ወፍራም ሰውዬ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ፣ ቀይ በግ ከኋላው መጥቶ ገፍትሮ ሲከተው። በማግስቱ ሙሽራ ከነሚዜው ጭቃ አዳልጦት ሲንደባለል። እኔ ልሙት፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ያውም በጾም። ሰይጣን ስልኬ ውስጥ ገባ አልኩ። ይባስ ብሎ እሑድ ቅዳሴ መሃል በጉ ትዝ ብሎኝ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ወጣሁ። ለፋሲካ ልቆርብ አስቤ ነበር፤ በዚህ አያያዜ እንዴት ሊሆን ነው? ጨነቀኝ።

ሄጄ ተናዘዝኩ። «አባታችን፣ ስልኬ ሰው ሲወድቅ እያሳየ ያስቀኛል» አልኳቸው። ባለ ወፍጮው ንጉሡም ይህንኑ ተናዞ ስግደት እንደተጨመረበት ነግሮኝ ስለነበር፣ የኔን ድርሻ እየጠበቅሁ ነው። «በግም አለበት» አልኩ።

«ቀዩ?» አሉ።



«እንዴት አወቁ አባታችን?»

አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካስ እየሳቁ ኖሯል። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ደብረወርቅ ይሄን ብታይ...» አሉና ሳቃቸው ተቋረጠ። «ቤቱ ዝም ሲልብኝ እሱን አያለሁ፣ ልጄ። ለሰው የሰጠሁትን ስግደት ሁሉ እኔው እሰግደዋለሁ። አንቺም ቁረቢ። ስሜን ግን ከዚያ ነገር አስወጪ።»

እሺ አልኩ። እንደኔ እሳቸውን ለመረጡት ለነንጉሡም እንዲሁ ነግረዋቸው እሺ ብለዋል።

ፋሲካ አልፎ ሰነበተ። አንድ ሰሞን ስልኬ ላይ የሚወድቅ ሰው ጠፋ። ተገላገልኩ ልበል ብል ልቤ እምቢ አለኝ። ዳቦ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ንጉሡ ቆሟል፤ ከኋላው የጽዋ ማኅበራችን ግማሹ። ሁሉም ሰበብ አላጣም፤ አንዱ ጸበል ፈልጎ ነው፣ አንዷ ሕልም አይታ ነው።

አባ በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አዩን። «ምን ሆናችሁ?»

«ደህና ነዎት ወይ ብለን ነው» አለ ንጉሡ።

«ደህና ነኝ፤ ቻርጀሬ ብቻ ተበላሽቶ...» አሉና ነገሩ ገባቸው። «ስሜን አንዳችሁም አላስወጣችሁም ማለት ነው?»

ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ንጉሡ ግን የራሱን ቻርጀር ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበላቸው።