የእንሰት መፋቂያው መቼ አለቀ?

ሶዶ ውስጥ አናጢ ነበርኩ፤ በሺ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ። ብዙ በርና አልጋ ሠርቻለሁ፣ ሲያልቁ አውቃለሁ። መቼ እንዳለቀ ያላወቅሁት አንድ የእንሰት መፋቂያ ነው።

ሴቶቻችን እንሰት የሚፍቁት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ከግንዱ የተገነጠለውን ሽፋን ካዘመመ ሳንቃ ጋር በአንድ እግራቸው ሽቅብ ረግጠው ነው። ባለቤቴ ከወለደች በኋላ ጉልበቷ እምቢ አላት። ስታነክስ ማየት አልቻልኩም። በእግሯ ፋንታ የሚይዝላት መቆንጠጫና መቀመጫ ያለው ሳንቃ ከዋንዛ ሠራሁላት። ለእሷ ከተመቸ ሌላም ሠርቼ ወደ በዴሳ ገበያ ላወጣው አሰብኩ።

ችግሩ፣ ሴት ስትፍቅ ወንድ ወደ ጓሮ አይዘልቅም፤ ነውር ነው። ሠሪው እኔ፣ ሲሠራበት የማላየውም እኔ። ቤት ቁጭ ብዬ የምትፍቅበትን የቀርከሃ ስንጥር ድምፅ አዳምጣለሁ። ቆም ባለ ቁጥር ልቤ ይሰጋል።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ለገበያ ይሆናል?»

«ጥሩ ነው አልኩህ።»

ጥሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ጨው ለበዛበት የሰው ቤት ወጥም እንዲሁ ይባላል። ይሉኝታ ይዟት ነው ብዬ የመጀመሪያውን ከማገዶው ጋር ጣልኩትና መቆንጠጫውን አጥብቄ ሌላ ሠራሁ። «ጥሩ ነው።» መቀመጫውን ከፍ አድርጌ ሦስተኛ ሠራሁ። «ጥሩ ነው።» አራተኛም ሠራሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቀለል ብሏት የነበረው ጉልበቷ ግን ባሰበት። ግራ ገባኝ። ገና አላለቀም እያልኩ መላግ ብቻ።

ዓመት ሊሞላው ሲል የጎረቤታችንን የባልቴቷን በር ልጠግን ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የመጀመሪያው ሳንቃዬ ተደግፏል፤ መሀሉ በፍቂያ ብዛት ለስልሷል።

«ከማገዶህ ላይ ነው ያነሳሁት» አሉኝ እየፈሩ። «ወገቤን አሳረፈልኝ፣ ልጄ። ለምን እንደጣልከው እኮ አልገባኝም።»

ቤት ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«የመጀመሪያው ጊዜ ከልቤ ነበር» አለች።

«የቀሩትስ?»

«እንደዚያ ለፍተህ ምን ልበልህ?»

አፈርኩ። ያን ሁሉ ወር ጉልበቷን ያሳመምኩት እኔው ነበርኩ። ከባልቴቷ ሳንቃ ለክቼ ልክ እንደ መጀመሪያው አድርጌ ሠራሁላት። ፍቃ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት።

«ጥሩ ነው» አለች።

የትኛው «ጥሩ ነው» እንደሆነ አሁንም አላወቅሁም። ወደ ጓዳ እስክትገባ እግሯን አየሁ።