የልጄ ስም ሱቢራ ነው

ልጄን ሱቢራ ብዬ ስም አወጣሁላት። ጋሽ ደምሴ የሚባል ሰው፣ ማንበብ እንደማልችል እያወቀ፣ በልደት ወረቀቷ ላይ ሌላ ስም ጻፈባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ስሟ ያለበት መስሎኝ፣ በደረት ኪሴ ይዤው ዞርኩ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ሄጄ የገጠመኝ ነው። መዝጋቢዋ ብዕሯን አቁማ፣ "ሱቢራ? የምን ስም ነው?" አለችኝ። ስዋሂሊ ነው አልኳት። ትርጉሙንም ጠየቀች። ትዕግሥት ማለት ነው አልኳት። "ታዲያ ትዕግሥት ብለን ብንጽፋትስ? ልጆቹም አይስቁባትም" አለች ፈገግ ብላ። ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ጋልኩ። "እንዳትሞክሪው!" አልኳት። የተሰለፈው ወላጅ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ልጄ ስትወለድ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ፣ ሆሽ በሚሉት ሰፊ ግቢ ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ግንበኛ በጠራኝ ቦታ ጡብ እሸከማለሁ። ከጎናችን ያለችው ክፍል የሱቢራ ነበረች። ሱቢራ የሞምባሳ ሴት ናት፤ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ልትሠራ መጥታ፣ የአሠሪዎቿ ዱላ ሲበዛባት ጥላ ወጣች። በየማለዳው ማንዳዚ ትጠብሳለች፤ ከእኛ ፓስቲ የሚለሰልስ፣ ሄልና ኮኮናት የገባበት ነው። ግቢው ሁሉ በዚያ ሽታ ነበር የሚነቃው። ከእኛ ጋር የምትግባባው እንደ እኛው በተሰባበረ የካርቱም ዐረብኛ ነው። የሥጋ ዘመዳችን አልነበረችም፤ እሷ ግን የሰናይት ሆድ ከገፋ ወዲህ ውኃ አታስቀዳትም ነበር።

ወታደሩ ሥልጣን ይልቀቅ ያሉት ሰልፈኞች ከአደባባዩ በጥይት የተበተኑ ሰሞን ወጣቶቹ የየሰፈሩን መንገድ በጡብ ክምር ዘጉት። ተሪስ ይሉታል። መኪና የለም፣ ረክሻ የሚሉት ባጃጅም የለም፣ ኢንተርኔቱም ተቆርጧል። ሰናይትን ምጥ የያዛት በዚያ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። የሰኔ ፀሐይ አናት ይሰነጥቃል። እኔ ግቢው ውስጥ እንደ ታሰረ በግ እዞራለሁ። ሱቢራ መጥበሻዋን ከእሳቱ አወረደችና የሰናይትን ክንድ ይዛ፣ "ያላ፣ በእግራችን!" አለች።

መጀመሪያው ተሪስ ላይ ልጆቹ፣ "ያ ኻላ፣ መንገዱ ዝግ ነው!" ብለው ጮኹባት። አክስቴ ማለታቸው ነው።

"ሆዷ አይታያችሁም? አንሱት! ነፃ አገር የምትሉት ለማን ነው፣ እዚህ ውስጥ ላለው አይደለም?"

ሳቁ። እየሳቁም ጡቡን ያነሱ ጀመር። ወደ እኔ ዞረችና፣ "አንተስ? ጡብ ሥራህ አይደለም እንዴ? ምን ገትሮሃል!" አለችኝ። ሰናይት በዚያ ሁሉ ምጥ ውስጥ ሆና ሳቀች። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ክምሩ ላይ ተቀምጣ፣ "አልችልም፣ እዚሁ ልውለደው፣ ተዉኝ" አለች።

ተኩሱ የመጣው ይሄኔ ነው። ቅርብ ነበር። እኔ ዘልዬ ግድግዳ ሥር ገባሁ። ሚስቴን ትቼ። ይሄን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን አድርጌዋለሁ። አንገቴን ቀና ሳደርግ ሱቢራ ጀርባዋን ለተኩሱ ሰጥታ፣ ሰናይትን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ከልላት ቆማለች። ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች። ተኩሱ ሲያልፍ ወደ እኔ አላየችም። ሰናይትን አነሳቻትና ሄድን። ጤና ጣቢያው ደርሰን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልጄ ተወለደች።

በማግስቱ ስሟን ለልጄ እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ማንዳዚዋን እየለወሰች አጫወተችኝ። "ሱቢራ ማለት መታገሥ ነው። ቃሉ ድሮ በመርከብ ከዐረብ አገር የመጣ ነው ይላሉ የእኛ ሽማግሌዎች። እናቴ ግን ከመርከብ አልወሰደችውም። ካገባች በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጠብቃለች። ስሜ ከዚያ ነው የመጣው።" እጇን ጠረገችና ልጅቷን ታቀፈቻት። በእነሱ አገር ሁለት ስመኛሞች ሶሞ ይባባላሉ አለችኝ፤ ታላቂቱ ታናሺቱን እንደ ልጇ ትጠይቃታለች፣ ትቆጣታለች፣ ለሠርጓም ትመጣለች። "ሶሞዬ" አለቻት፣ ግንባሯን ስማ።

ጋሽ ደምሴ ካርቱም ሁለት ሱቅ ያለው፣ ዐረብኛ መጻፍ የሚችል የአገራችን ሰው ነበር። ሐበሻ ሁሉ ወረቀቱን የሚያስሞላው እሱ ዘንድ ነው። እኔም የጤና ጣቢያውን ብጣሽ ይዤ ሄድኩ፤ ሱቢራ ብለህ ጻፍልኝ አልኩት፣ ከነትርጉሙ ነገርኩት። "እሺ የኔ ልጅ፣ ጣትህን አምጣ" አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ።

ዓመት ሳይሞላ ሱቢራ አገሯ ገባች። ከዚያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ሶሞዬ ቆመች ወይ፣ ጥርስ አበቀለች ወይ። አንድ ቀን፣ "እናቴ ስሟ ካርቱም መድረሱን ሰምታ አላምን ብላኛለች፣ ወረቀቱን ላክልኝ" አለች። በኩራት ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ሱቢራ ቁርኣን የቀራች ሴት ናት፣ የዐረብ ፊደል ታነባለች። "አየሁት" ብላ ላከችልኝ። ይቺው ናት። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም፤ ስደውልም አታነሳም። ምን እንዳስቀየምኳት ሳሰላስል ዓመት አለፈ። ለሰናይት፣ "ያ ግድግዳ ሥር መግባቴ ነው፣ ዘግይቶ ከነከናት" አልኳት።

መንግሥቱ ተለውጦ የሽግግሩ ጊዜ ነበርና የቡሪ ወጣቶች አዋቂ የሚማርበት የዓርብ ክፍል ከፈቱ። ከሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ አሊፍ፣ ባ አልኩ። አስተማሪያችን ከእኔ የምታንስ ልጅ ነበረች፤ ኡስታዛ እንላታለን። እዚያ አገር ሰው በልጁ ስም ነው የሚጠራው፤ እኔም አቡ ሱቢራ ነበርኩ። ከወራት በኋላ አንድ ዓርብ፣ "ከቤታችሁ ያገኛችሁትን ወረቀት አምጡና አንብቡ" አለችን። እኔ ምን ላምጣ? ኪሴ ውስጥ ያለውን አወጣሁ። የአባት ስም፣ ትክክል። የእናት ስም፣ ትክክል። የልጅ ስም፦ ት፣ ግ፣ ስ፣ ት።

"ሙምታዝ!" አለች ኡስታዛ፤ ጎበዝ ማለት ነው።

"ተሳስቻለሁ" አልኩ። "ሱቢራ ነው የሚለው።"

"አልተሳሳትክም፣ ያ አቡ ሱቢራ። በደንብ ነው ያነበብከው።"

በሕይወቴ መጀመሪያ በትክክል ያነበብኩት ቃል ያ ነው። የሱቢራም ዝምታ ያኔውኑ ገባኝ። ፈልጌ ያታለልኳት መስሏታል።

በቀጥታ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ሄድኩ። አልካደም። "የእስላም ስም ነው፤ ነገ አገር ስትገቡ ልጅቷ ትቸገራለች። ለእሷ አስቤ ነው። ደግሞ ትርጉሙ አንድ አይደለም እንዴ?"

"ትርጉሙን ጻፍልኝ መቼ አልኩህ? የክርስትና ስሟን ቄሱ አውጥተውላታል፣ እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። መጠሪያዋ የኔና የእናቷ ነው። አንተን ማን አገባህ?"

"ሂድ፣ ባለጌ!"

መዝገብ ቤት ስጠይቅ፣ ወረቀቱ እንዲታረም የሞላው ሰው ራሱ ቀርቦ ስህተቴ ነው ብሎ መፈረም አለበት ተባልኩ። ጋሽ ደምሴ እምቢ አለ። በሹማምንት ፊት ተዋርጄ ምን ልባል ነው አለ። እሺ አልኩና ከሥራ መልስ በየቀኑ ሱቁ በራፍ ላይ ቆምኩ። ለሚመጣው ሐበሻ ሁሉ፣ "ይሄ ሰው የጻፈልህን አምጣ፣ በነፃ ላንብብልህ" እላለሁ። እየተንተባተብኩ አነብ ነበር፣ ግን አነብ ነበር። ጀሚላ የተባለችው የወሎ ልጅ "ጀማነሽ" ሆና አገኘናት። ሐዱሽን "አዲሱ" አድርጎታል። ሰዉ ሱቁን ሞልቶ መጮህ ሲጀምር፣ በስድስተኛው ቀን፣ ጋሽ ደምሴ ኮቱን ለብሶ ወጣ። "በቃ፣ እንሂድ" አለኝ። ፈረመ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም እግዜር ይስጥልኝ አላልኩትም።

የታረመውን ፎቶ አንስቼ፣ የሆነውን ሁሉ በድምፅ ለሱቢራ ላኩላት። ስለ ግድግዳውም ጭምር። ከሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

"አንብብልኝ" አለች።

"አንቺ ታነቢ የለም እንዴ?"

"አንተ አንብብልኝ።"

ፊደል በፊደል አነበብኩላት። "ድገመው" አለች።

ዛሬ ካርቱም ያ ግቢም፣ ያ ሱቅም መኖሩን አላውቅም፤ ኋላ የተነሳው ጦርነት ሁላችንንም በትኖናል። ሰዎች ለበጎ አስበን ነው እያሉ የሰውን ነገር ሲያስተካክሉ ግን እስከ አሁን መታገሥ አልችልም። የስም ትርጉም ማንም የሚያውቀው ነው። ለልጄ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ከተኩሱ ፊት የነበርን ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ ከሦስቱም አንዱ ተደብቆ ነበር። መዝጋቢዋ በመጨረሻ እኔ እንዳልኳት ጻፈች። ቀጥላ ቅጹ የሚጠይቀውን ጠየቀችኝ፤ የታረመው የልደት ወረቀት የተሰጠው መቼ ነው? ማኅተሙን ማየት አላስፈለገኝም፦

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.