ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ

ሀፍሳን የቦንጋ ገበያ የሚያውቃት በጨርቅ ሱቋ ነው። ባሏ ካሚል ከሞተ ወዲህ፣ ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ ገና አስፋልት ሳይለብስ ጀምሮ፣ ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን አሳድጋለች። ሰዉ ግን "የካውሰር እናት" ይላታል እንጂ "የለምያ እናት" ብሎ የጠራት የለም። ትንሿ ለምያ እግሯ አይቆምም፣ አንደበቷም ይተሳሰራል። ደንበኛ ሲመጣ ሱቁን ከቤቱ ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ነው የምትውለው። እዚያ ያስቀመጣት ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እናቷ ራሷ ናት። ገና በአራስነቷ "ምን ሠርታ ይሆን እንዲህ ያለ የወለደችው?" ሲሉ ሰምታ፣ ሐሜቱን እንደ ፍርድ ተቀብላ ኖረች። ሞኝ ነበረች፤ ከተማው ደግሞ በሞኝነቷ በደንብ አግዟታል።

ካውሰር ለትዳር ደረሰች። ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን የካሚል እህት እትዬ ፈርሐት ከማለዳው ከች አሉ።

"ለምያ ዛሬ ጎረቤት ትዋል። ካዩዋት 'በዘራቸው አለ' ብለው ይመለሳሉ። የካውሰርን ዕድል አትዝጊባት፤ ገመናሽን ሸፍኚ!"

ሀፍሳ እሺ አለች። እሺ ማለት ለምዶባታል። ልታዝላት ስትመጣ ግን ለምያ ቀድማ በእጇ እየዳኸች ወደ መጋረጃው ስትሄድ አየቻት። ማንም አላዘዛትም።

"እማዬ፣ ድ... ድምፅ አላሰማም" አለች ልጅቷ።

ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኳት ይህንን ነው? አለች ሀፍሳ በልቧ። የልጇን ክብር ስትቀብር የራሷንም አብራ ቀብራው ኖሯል። ከዚያ ቁጣ መጣ፤ የቆየ፣ የተጠራቀመ ቁጣ። ለምያን አንሥታ አዲስ ቀሚስ አለበሰቻትና ከሳሎኑ ዋና መቀመጫ ላይ አስቀመጠቻት።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። እንደ ወጉ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም፤ እንደቆሙ መሪያቸው ጋሽ ሚንሃጅ የመጡበትን ተናገሩ። ሲጨርሱ ዓይናቸው ለምያ ላይ አረፈ።

"ይቺ... የጎረቤት ናት?"

እትዬ ፈርሐት "አዎ" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሀፍሳ ቀደመቻቸው።

"የኔ ናት። ካውሰር የወጣችበት ሆድ ነው ያወጣት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ጋሽ ሚንሃጅ።"

ሽማግሌው ጺማቸውን ዳሰሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን አለሰለሱ።

"አላህ የሰጠው ነው፣ ምንም አይደል። ብቻ የሰርጉ ለት የሰው ዓይን ይበዛልና... ጓዳ ብትውል።"

ሀፍሳ ከውስጠኛው ክፍል በር ኋላ ካውሰር እያዳመጠች እንደሆነ ታውቃለች። አንዷን ልጅ ለማቆም ሌላዋን ልትጥል ነው?

"እንግዲያው አይቀመጡ፣ ጋሽ ሚንሃጅ" አለች። "ልጄ ጓዳ የምትውልበት ሰርግ ሰርጌ አይደለም።"

ሽማግሌ ቆሞ ሲሸኝ በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። እትዬ ፈርሐት ራሳቸውን ይዘው "ካውሰርን ገደልሻት!" አሉ።

ያኔ የውስጡ በር ተከፈተ። በዚያ ቀን መታየት የማይገባት ካውሰር ወጣች። ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል፤ ሽማግሌ የላከውን ልጅ ትወደው ነበር። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥታ አለፈችና በሩ ላይ ተንበርክካ፣ ተጫምተው እንዲሄዱ ጫማቸውን አንድ በአንድ ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችላቸው።